አንቺ ወይስ አንተ

ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
አቡጀዲ ሰቅለን ከኮሶ ቅርንጫፍ፣ ፋኖስ ከጀርባው፣
እኔና አያ አንሙት፣ የደኑ ጥበቃ፣
ተቀምጠን ነበር፤ ጨረቃም የለችም፣ ጭጋጉም አልነቃ።
እሱ ይጠብቃል መጥረቢያ ታጥቆ ሌሊት የሚገባውን፣
እኔ እጠብቃለሁ ያውራ ጣቴ ጥፍር ገና የሚበልጣትን፣
ቀን የዛፍ ሽበት መስላ ተለጥፋ፣ ዓይን የሚስታትን።

መጣች።
የትንኙን ግርግር፣ የጢንዚዛን ጫጫታ መሐል ለመሐል ሰንጥቃ፣
ጨርቁ ላይ አረፈች፣ ክንፏን እንደ ጎጆ ክዳን አጣብቃ።
ግራጫ ናት፤ ጠርዟን የከሰል እጅ የነካካት፣
ከክንፏ መካከል አራት ነጥብ ያላት፣
ጸሐፊ ጨርሶ እፎይ ሲል ያኖራት።
ታች ከባሕር ዛፉ ያለችዋም ቁርጥ እሷን ትመስላለች፤
ያችኛዋ ግን ሁለት ነጥብ ናት፤ ገና ቃል ይዛለች።

"አንቺ ነሽ!" አልኳት፣ "ሦስት ሌሊት ሙሉ ያስጠበቅሽን!"
እንዲህ ነው አፋችን፤ ያነሰውን ሁሉ ሴት እናደርጋለን፤
ድልድይቱ፣ ጎጆይቱ፣ ያቺ ቁራጭ እርሳስ፤
ስንንቅም እንደዚያ፣ ስንሳሳም እንደዚያ፣ ሳናይ ስንዳብስ።

አያ አንሙት ሳቀ።
"ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ? ቀሚሷን አየሽው?
እኛ ኮሶን እንኳ አበባው ሳይወጣ አፍ ሞልተን አንለየው፤
ቀላ ካለ ሴቴ፣ ነጣ ካለ ወንዴ፤
ከዚያ በፊት እንጨት ነው።"

አፈርኩ። ዲግሪ ይዤ፣ ያውም በዚሁ ነገር።
አጉሊ መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ምልክቱ ከግንባር ነው፤ መዳሰሻው ክር ከሆነ ሴት፣
ሚዶ ከሆነ ወንድ።

ሚዶ ነበር።
በግራም በቀኝም ጥርስ ያወጣ ሚዶ፣ ከሽፋሽፍት የቀጠነ፣
ሆዱም ስልል ያለ፣ ጫፉ ላይ ጭራ የተከለ።

ይቅርታ፣ አንተ ነህ።
ደብተሬን ገልጬ ያለፈውን ሁሉ ማረም ጀመርኩ፤
"መጣች" ያልኩት መጣ፣ "አረፈች" ያልኩት አረፈ፤
ከየግሡ ጫፍ "ች" እየተነቀለች ወደቀች፤
እሷም ሴት ነበረች።

"ታዲያ ሚስቱስ?" አለ አያ አንሙት።
"ክንፍ የላትም" አልኩት። "አትበርም። ግንድ ላይ ናት፤
ባቄላ ታክላለች፤ ጠጉራም።"
ዝም አለ። ፋኖሱን አንስቶ ወደ ኮሶው ዞረ፤
በሰው ቁመት ልክ፣ ከቅርፊቱ ስንጥቅ፣ በጣቱ አሳየኝ።
"ይችን ነው? ይችንማ በየዓመቱ አያታለሁ፤
የዛፍ ኪንታሮት ነበር የምትመስለኝ።
ሁለቴ በቢላ ልፍቃት ብዬ ትቻታለሁ።"

ክር ነው መዳሰሻዋ፤ ምንም አትፈልግ፣ የትም አትሄድ፤
ሽታዋን ለቃ ትቀመጣለች፤
እሱ በሚዶው ነፋሱን ያበጥራል፣
ከዘንገና ውሃ፣ ከእንጅባራ ጭስ ለይቶ እሷን ያወጣል።
ዛሬ ግን የኛ ፋኖስ መንገዱ ላይ ቆመ።

"የእሳት ራት" ያሏቸው አባቶች
እሳት ዳር ተቀምጠው ነው ስም ያወጡት፤
የመጣውን አይተው።
ያልመጣችው በጨለማ፣ ያለ ክንፍ፣ ያለ ስም፣
የማንም ራት ሳትሆን ቆየች።

"አጥፊው እንግዲህ" አለኝ አያ አንሙት። "እንግዳ አናስመሽ።"
እፍ አልኩት።
ክንፍ ሲነሳ አይሰማም። ብቻ ጨርቁ ትንሽ የቀለለ መሰለኝ።
በዳበሳ ጻፍኩ፦ ወንድ አንድ፣ ሴት አንድ፤
መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አኑሬ እንደሆን ወይ ሁለት፣
በጨለማ አልታየኝም፡